ጥጥ የለበሰው «በ»፤ በመዋለ ሕፃናት ፊደልን በእጅ ሥራ ስለ ማስተማር የቀረበ ሂስ

ዛሬ በከተሞቻችን በሚገኙ ብዙ መዋለ ሕፃናት ፊደል የሚሰጠው በእጅ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ፊደል ይመደብና ልጆቹ ያን ፊደል ከወረቀት ይቈርጡታል፤ ቀለም ይቀቡታል፤ ጥጥ፣ ባቄላ ወይም ምስር በሙጫ ይለጥፉበታል። ሥራውም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወላጆች ያደንቁታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ ለልጁ የሚሰጠውንና የሚነፍገውን መመርመር ነው። የእጅ ሥራ ከመዋለ ሕፃናት ይውጣ ማለቴ እንዳልሆነ አንባብያን ከወዲሁ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም እጁ ሲሠራ ልጁ የሚያስበው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ መዋለ ሕፃናት ጥቂት ሳምንታት በረዳትነት ሠርቼ ነበር። ሳምንቱ የ«በ» ሳምንት ነበረ። መምህርቷ በትልቁ የታተመ «በ» ለየልጆቹ አደሉ። ልጆቹም የፊደሉን ሁለት እግሮች የበግ እግር አድርገው በላዩ ጥጥ ለጠፉበት፤ በአንዱ ወገን ራስ፣ በሌላው ወገን ጅራት ጨመሩለት። ክፍሉ በደስታ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ተደሰትሁ። በሚቀጥለው ሰኞ አንዱን የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ሰሌዳው ጠርቼ በጠመኔ «በ» ጻፍሁና «ይህ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሰሌዳውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ጥጡ የት ሄደ?» አለኝ።

በመልሱ ሳቅሁ፤ ማታ ነገሩን ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ልጁ አልሰነፈም። በሥራው ሰዓት ሁሉ ሲያስብ የነበረው ስለ በግ ነው፤ የተማረውም በግን ነው። ፊደሉ ለጥጡ ማረፊያ ከመሆን በቀር ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

የእጅ ሥራ ወደ ሕፃናት ትምህርት የገባው እንዲህ ባለ አሳብ አልነበረም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 በብላንከንቡርግ ሥራውን ሲጀምር ልጆች ወረቀት እንዲያጥፉ፣ እንዲቈርጡና እንዲጐነጉኑ ያደረገው ቅርፅንና ሥርዓትን በእጃቸው እንዲያውቁ ብሎ ነው። ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናት ቤት ከፍተው ባስተማሩበት ዘዴ ፊደሎቹን ከብርጭቆ ወረቀት ቈርጠው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለጠፉ። ልጁ በጣቱ የፊደሉን መሥመር በአጻጻፉ አቅጣጫ እየተከተለ ድምፁን ይሰማል፤ ራሱም ይናገራል። በዚህ ሥራ ላይ በግ የለም፤ ጥጥም የለም። ጣቱ ያረፈው ልጁ ሊያውቀው በሚገባው በራሱ በፊደሉ ላይ ነው። በግድግዳችን ላይ ከተሰቀለው ሥራ የሚለየውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ይመስለኛል። «ለአንድ ሳምንት አንድ ፊደል» የሚለው ደንብ የተወሰደው ከላቲኑ ፊደል ትምህርት ነው። እዚያ 26 ፊደሎች አሉ፤ እያንዳንዱም ለብቻው የቆመ ነው። የ«ኤ» መልክ ስለ «ቢ» መልክ የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ብዙ ጉዳት የለውም። የእኛ ፊደል ግን ቤተ ሰብ ነው። በአማርኛ የታወቁትን 33 ፊደሎች በሰባት ብናበዛቸው 231 ይሆናሉ። በዓመት 40 የትምህርት ሳምንት አለ ብንል፣ በየሳምንቱ አንድ እየተማረ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ይህ እንደማይሆን መምህራኑ ያውቃሉ። ስለዚህ የእጅ ሥራው ለግእዙ ብቻ ይደረግና ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉት ስድስቱ በዜማ ብቻ ይታለፋሉ። በዚህም ምክንያት ልጁ «ቤት» የሚለው ቃል በምን ይጀምራል ቢባል «በ» ይላል፤ «ቡና»ም «በ»፣ «ባቄላ»ም «በ» ይሆንበታል።

ዳሩ ግን የፊደላችን ጥበብ ያለው በእነዚሁ በታለፉት ስድስት ላይ ነው። «በ»ን እንመልከት። በቀኙ እግር መካከል አጭር ጭረት ሲጨመርለት «ቡ» ይሆናል። ያችው ጭረት ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ «ቢ» ይሆናል። በጭረቷ ፈንታ ቀለበት ሲገባ «ቤ» ነው። የግራው እግር ሲያጥር «ባ»፣ የቀኙ ሲያጥር «ቦ» ይሆናል። ይህን ያወቀ ልጅ «ለ»ና «ሰ» ሲመጡለት እንደ እንግዳ አያያቸውም። በእርግጥ ሕጉ በሁሉ አይሠራም፤ ሳድሱ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ «ሩ»ና «ፉ»ም በካዕባቸው ያፈነግጣሉ። ነገር ግን ያፈነገጠውን ለይቶ ማወቅ የሚችል ሕጉን ያወቀ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የቀድሞውን ትምህርት ማንሳት ተገቢ ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ከመንደራችን የኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥሬ፣ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የላቲኑን ፊደል ስለ ተማርሁ ሁለቱን መንገዶች በጥቂቱ አውቃቸዋለሁ። በየኔታ ዘንድ ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ «ሀ ሁ ሂ» ይላል። የዚህ ዘዴ ጉድለት የታወቀ ነው፤ ዜማው በቃል ይያዝና አፍ ከእጅ ይቀድማል። ስንደዶዬ «ሄ» ላይ ሳለ አፌ «ሆ» ደርሶ ስንት ጊዜ ተቈንጥጫለሁ። ሊቃውንቱ ግን ይህን ጉድለት ስለሚያውቁ መድኃኒቱንም አዘጋጅተዋል። እርሱም አቡጊዳ ነው። በአቡጊዳ ፊደሉ በአግድመት ሳይሆን በሰያፍ ስለሚሄድ፣ «አ»ን ተከትሎ «ቡ»፣ «ቡ»ን ተከትሎ «ጊ» ይመጣል። የለመደው ዜማ ስለማይረዳው ልጁ በግድ የፊደሉን መልክ ያያል። ያለ ሙጫና ያለ መቀስ የልጁን አሳብ በፊደሉ ላይ የሚያሳርፍ ይህን የመሰለ ዘዴ በእጃችን ሳለ እንደ አሮጌ ዕቃ መጣላችን ያሳዝናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩሌ የእጅ ሥራውና የአቡጊዳው አሳብ ቢጋቡ መልካም ነው እላለሁ። ከተጣለ ካርቶን የ«በ» አካል ይቈረጥ፤ ለብቻዋ አንዲት ጭረት፣ ከጭቃም አንዲት ቀለበት ትሠራ። ልጁ ጭረቷን ከመካከል ወደ ታች እያወረደ «ቡ፣ ቢ» ይበል፤ ቀለበቷን አስገብቶ «ቤ» ይበል፤ የግራውን እግር አጥፎ «ባ»፣ የቀኙን አጥፎ «ቦ» ያድርግ። በማግሥቱ ያችኑ ጭረትና ያችኑ ቀለበት ይዞ ወደ «ለ» ይሂድ። ፊደሎቹን ሲለምድ ደግሞ «ሰ» ላይ ቆብ ደፍቶ «ሸ»ን፣ «ነ» ላይ ደፍቶ «ኘ»ን ያግኝ፤ ለአማርኛ የተጨመሩት ሰባቱ ፊደሎች ከቀድሞዎቹ በዚህ ዓይነት የወጡ ናቸውና። ሥራው መልካም መሆኑን የምናውቀው በግድግዳ ላይ በማማሩ አይደለም። ልጁ ያልተማረውን «ሙ» አይቶ በ«ቡ» ምክንያት ለማንበብ ሲሞክር ነው።

«ልጆች ጥጡን ይወዱታል፤ ጣታቸውም ይፍታታበታል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። እንግዲያስ በግ በመሥሪያው ሰዓት በግ ይሠራ፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን የበጉ ሰዓት የፊደል ሰዓት ተብሎ አይቈጠር። ጭረት የሚያወርድ ጣትም ይፍታታል፤ ቀለበት ያስገባ ልጅም ይስቃል።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳቃታቸው ታይቷል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጥፋቱን በጥጥና በሙጫ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም የአምስት ዓመት ልጅ የሚሰጠን ትዕግሥት ጥቂት ነው፤ ያችንም ጥቂት ትዕግሥት በጅራትና በጆሮ ላይ ካስጨረስነው ለፊደሉ የሚተርፍ አይኖርም። ያ ልጅ «ጥጡ የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀኝ በቅንነት ነው። መልስ መስጠት የሚገባን ግን እኛ መምህራን ለመሆን የምንዘጋጅ ነን።