ራምፑስ አለ፣ መንገዱስ?

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ዳገቷን ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ከፊት ከፊቱ ምን ያሠሩ ነበር? መንገድ። ጎማ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ልከኛ ተዳፋትም ይፈልጋላ!

አሁን ደግሞ ዊልቸርን አስቡ። ሰውየውና ወንበሩ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ12 ሜትር 1 ሜትር ከፍ በሚል ራምፕ ላይ ወደ ኋላ የሚስባቸው 8 ኪሎ ያህል ነው። በ4 ሜትር 1 ሜትር ከሆነ ግን 24 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ 15 ሴንቲ ሜትር ደረጃ 1.8 ሜትር ራምፕ ያስፈልገዋል። በር ላይ የተደፋች አጭር ሲሚንቶ «ራምፕ አለን» ለማለት ካልሆነ ለማንም አትጠቅምም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎችም የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ጥሩ ነው። የእኔ ትችት ከበሩ ውጭ ነው፤ አንቀጹ ስለ ሕንፃው እንጂ ወደ ሕንፃው ስለሚያደርሰው መንገድ አልተናገረም። የተነቃነቀው ኮብልስቶን፣ ክዳን የሌለው ቱቦ፣ ዊልቸር የማያስገባው ባጃጅስ? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን መንገድንና ትራንስፖርትንም ይጨምራል።

«አገሩ ራሱ ዳገት ነው፣ ምን ይደረግ?» ትሉ ይሆናል። ተራራውን ማንም ናዱት አላለም። ቱቦ መክደን፣ ድንጋዩን ማስተካከል፣ ዳገቱ መሐል ማረፊያ ሜዳ መተው ግን ይቻላል።

እስቲ ነገ ሜትር ይዛችሁ የትምህርት ቤታችሁን ራምፕ ለኩ። የአግድም ርዝመቱን ለከፍታው አካፍሉት። ከ12 ካነሰ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።