ባለቤት የሌለው ዲሌይ

ባሕር ዳር ኮድ እየጻፍን በምናመሽ ልጆች አፍ «ዲሌይ» እንግሊዝኛ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። «ሥራው ዲሌይ ሆነ»፣ «ክፍያው ዲሌይ አለው»። ኳስ በስልክ ስናይ እንኳን ጎረቤት «ጎል!» ብሎ ከጮኸ በኋላ ነው ኳሷ መረብ ውስጥ የምትገባው።

ቃሉን አልጠላውም፤ ለማሽን ይመቻል። ከዚህ የላክሁት መረጃ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ በትንሹ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መንገዱ ደርሶ መልስ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ብርሃን ደግሞ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ከ200,000 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ማን ይወቀሳል? ጣናም እንደዚያው ነው። ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ሆኖ ሳለ ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ፣ ወደ መስከረም ግድም ነው። ውኃው ከየወንዙ እስኪሰበሰብ ይቆያላ! ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ግን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ። ከዚያ ወዲህ ውኃው ዝም ብሎ አይቆይም፤ የሚያቆየውም አለ።

ነገሬ ያለው እዚህች «አ» ላይ ነው። ቆየ፣ አቆየ። ዘገየ፣ አዘገየ። «አ» ስትመጣ ሰው አስከትላ ነው የምትመጣው፤ ሰዋስው አስተማሪዎቻችን የዓረፍተ ነገሩ «ባለቤት» የሚሉትን። «ዲሌይ አደረገው» ማለትም ይቻላል፣ ግን ስንቴ ሰምታችኋል? እኛ የምንለው «ዲሌይ ሆነ» ነው። ሆነ፣ አለቀ።

ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላላክክ አልችልም። «ተጓተተ» የራሳችን ነው። «ጎተተ» ቢባል ጎታቹ ይፈለጋል፤ «ተጓተተ» ሲባል ሁሉም የጎተተ ይመስላል፣ የሚጠየቅ የለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ለዓመታት «ተጓተተ» ሲባል ነበር። ግሱ ቢያንስ አንድ ባለቤት ያገኘው ነሐሴ 2010 ላይ፣ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ከሜቴክ ሲወሰድ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየኝ መጽሐፍ ግን ከግድቡ በፊት የተጻፈ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙዎቻችን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ አድርገን ብቻ እናነበዋለን (አንዳንዶቻችን እንዲያውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተነው እንጂ አላነበብነውም)። ለኔ ስለ ማዘግየት የተጻፈ ልቦለድ ነው። ሰብለን የሚጠይቅ ሲመጣ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ይመልሳሉ፤ አንዱም አይመጥናቸውም፤ የልጅቷ ዕድሜ ይሄዳል። እንዲህ ለሆነች ሴት ቋንቋችን ስድብ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ «ቆሞ ቀር»። ፈታታችሁ እዩት፤ የቆመችውም እሷ፣ የቀረችውም እሷ። ላቆማት፣ ላስቀራት ሰው የተዘጋጀ ስድብ እስካሁን አልሰማሁም። ሐዲስ ግን ያንን ሰው ከነማዕረጉ፣ ከነኩራቱ፣ ከነሚያስቀው ነገሩ ፊታችን ያስቀምጡታል፤ ልጅቷን ሳይሆን እሳቸውን እንድንታዘብ።

ልቦለዱን ለማያውቅ ጓደኛችሁ «የሰብለ ጋብቻ ዲሌይ ሆነ» ብላችሁ ንገሩት። ፊታውራሪ መሸሻ ከታሪኩ ቀስ ብለው ወጥተው ሲሄዱ ታያላችሁ።