መርፌው ያዳነው የሚመስለው ቁስል

አሶሳ የሚኖር አንድ ወጣት ብልቱ ላይ ቁስል ወጥቶበት ጤና ጣቢያ ሄደ እንበል። ባለሙያው ቁስሉን አይቶ ሦስት መድኃኒት ያዝለታል፦ ለቂጥኝ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ለከርክር ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለሄርፒስ አሲክሎቪር። ይድናል። ከሁለት ወር በኋላ ግን እዚያው አካባቢ መልሶ ይወጣበታል። ወይ «መርፌው አልሠራልኝም» ይላል፣ ወይ «ፍቅረኛዬ እንደገና አስያዘችኝ»። ሁለቱም ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ አሠራር ሲንድሮሚክ ሕክምና ይባላል። ተህዋሱን በላቦራቶሪ ከመለየት ይልቅ ምልክቱን አይቶ ማከም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስፋፋው ሲሆን፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአባላዘር በሽታዎች መመሪያ ይዞታል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ታካሚው ነገ ይመለስ አይመለስ ሳይታወቅ፣ ቂጥኝን በአንድ ቀን መርፌ መግታት ቀላል ነገር አይደለም።

ሄርፒስ ላይ ሲደርስ ግን ይህ አሠራር ይደናቀፋል። ቫይረሱ ቁስሉ ከደረቀም በኋላ ከሰውነት አይወጣም፤ ከአከርካሪው ግርጌ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ አልፎ አልፎ ይነሳል። ተመላሹ ቁስል ደግሞ ባይታከምም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይድናል። ስለዚህ የተወጋም ያልተወጋም ይድናል፤ ምስጋናውን መርፌው ይወስደዋል። ፔኒሲሊን ቫይረስን አይነካም።

መመሪያው ውኃ የቋጠረና የሚመላለስ ቁስልን ለይቶ በአሲክሎቪር ብቻ ያክማል። ታዲያ ምን ጎደለ? መመላለሱን የሚያውቀው ታካሚው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያፍራል። በየጊዜው ሌላ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ አዲስ ታካሚ ነው። «ከዚህ በፊት ወጥቶብህ ያውቃል?» የምትለው ጥያቄ ካልተጠየቀች መመሪያው ከዜሮ ይጀምራል።

ስሙም ችግር ነው። ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ እያልን ተምረናል። ከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች» ብለን ዳማከሴ እንጨምቃለን። አልማዝ ባለጭራ ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ ሌላ ቫይረስ ነው። ብልት ላይ ለሚወጣው ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአማርኛ ስም የለንም። በ2020 እ.ኤ.አ. ግምት መሠረት በዓለም ላይ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሰዎች ወደ 520 ሚሊዮን የሚሆኑት ሄርፒስ ዓይነት 2 አለባቸው። ይህን ያህል የተለመደ በሽታ ስም ማጣቱ ይገርማል። በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ በሚነገርበት ክልል፣ አማርኛ ለብዙዎች ሁለተኛ ቋንቋ በሆነበት፣ «ሄርፒስ» ተብሎ ካርድ ላይ የተጻፈ ቃል ብቻውን ምንም አያስረዳም።

«እሺ፣ የደም ምርመራ ላድርግ» የምትሉ ቆዩ። የደሙ ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ይህ ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ደካማ ፖዘቲቭ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ቫይረሱ ከንፈር ላይ ይሁን ብልት ላይም አይናገርም። አይጂኤም የሚባለውን ተዉት፣ አይጠቅምም። የተሻለው ቁስሉ ትኩስ እያለ ከላዩ ናሙና ወስዶ በፒሲአር ማየት ነው። ዓይነቱን ማወቅም ዋጋ አለው፤ ብልት ላይ ዓይነት 2 በመጀመሪያው ዓመት አራት ጊዜ ያህል ሊመለስ ሲችል፣ ዓይነት 1 ብዙውን ጊዜ ከአንዴ አያልፍም።

ፒሲአር በሌለበትም ቢሆን ቁስሉ የወጣበትን ቀን መዝግቦ ይዞ መሄድ ይቻላል። ምልልሱ ከበዛ ሐኪም አሲክሎቪርን በየቀኑ እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ምልልሱን ከ70 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ መደረግ አለበት፤ ዓይነት 2 ሄርፒስ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድልን ሦስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል።

ፍቅረኛን መወንጀሉስ? ቫይረሱ ከገባ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ዛሬ የወጣው ቁስል ማን፣ መቼ እንዳስያዘ አይናገርም።