ትዝታ፦ እርግማን የሌለበት ስንብት

ስለ ወሎ ዜማ ሲነሣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተሰኙት አራት ቅኝቶች በቅድሚያ ይጠቀሳሉ። ባቲና አምባሰል የቦታ ስሞች ናቸው፤ ቢስቲማም በሁለቱ መካከል ትገኛለች። ትዝታ ግን ስሙን ያገኘው ከሰው ልቡና ነው። ይህን ዜማ የተሸናፊ ለቅሶ፣ የግል ብሶት ብቻ አድርገው የሚነቅፉ አሉ። ነቀፌታው ይዘቱን በሚገባ ካለመመርመር የመነጨ ይመስለናል።

ሙሾ የሟችን ታሪክና ሙያ ይዘረዝራል፤ የትዝታ ተወዳጅ ግን በሕይወት ያለ፣ ነገር ግን የራቀ ሰው ነው። ዘፋኙ የሄደውን አይከስም፣ አይረግምም። ትዝታን ራሱን እንደ ሰው ያነጋግረዋል፤ አንዴ ሂድልኝ፣ አንዴ ቆይልኝ ይለዋል። የባለቤትነት መብት ካበቃ በኋላ ርኅራኄ እንደማያበቃ ማሳየት የተሸናፊነት ምልክት ሳይሆን የሰብአዊነት ብስለት ነው።

ቅርጹም ይህንኑ ይዘት ያገለግላል። ትዝታ አምስት ድምፆች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ሜጀር የነበረው ማይነር ይሆናል፤ ኀዘኑም ይጠልቃል። የክራር ክር ድምፁ ቶሎ ይከስማል፤ ስለዚህ በስንኝና በስንኝ መካከል ዝምታ ይገባል። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ይህን ዝምታ የተረዳች ከያኒት ነበረች። የመድረክ ተዋናይት ስለነበረች ቃሉን እንደ ንግግር ታቀርበዋለች እንጂ ለማስለቀስ አትጣደፍም። ኀዘኑን የሚሞላው አድማጩ ነው።

ጌታቸው ካሣ በዘመናዊ ባንድ ታጅቦ ትዝታን መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት ተጫውቶታል። ሙከራው ደፋር ነው፤ ዝግተኛው ክፍል ባንድ በራሱ የትዝታ ጠላት አለመሆኑን ያስመሰክራል። በፈጣኑ ክፍል ግን ምቱ ስለሚቀድም ለማስታወስ የሚሆን ፋታ ይጠፋል።

የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. የዘመተባት ኮሪያም በአምስት ድምፅ የተቀነባበረ አሪራንግ የተባለ የመለያየት ዜማ አላት። በሰፊው በሚታወቀው ግጥሙ የተተወችው ሴት፣ ጥሏት የሚሄደው ሰው ብዙ ሳይርቅ እግሩን እንደሚያመው ትናገራለች። እዚያ ፍቅር የዛቻ ልብስ ለብሷል፤ በትዝታ ዘንድ ያ ልብስ እንኳ የለም።

በደሴና በኮምቦልቻ ዜማ የሚያስተምሩ መምህራንና ወጣት ከያንያን ከዚህ የሚወስዱት ቁም ነገር አለ። ኪቦርድ ድምፁን እስከፈለጉት ጊዜ ያቆየዋል፤ በዚህም ምክንያት ዝምታን በቀላሉ ይሸፍናል። ቅኝቱን ያጠና ወጣት ድምፆቹን ያውቃል፤ መቼ ዝም እንደሚባል ካላወቀ ግን ትዝታን ገና አልተማረም።