የአቋራጭ ቁልፎች ውለታ

በአፋር ክልል ሎጊያ ከተማ የሚተይብ ሰው በሁለት ፊደል ይሠራል፤ አማርኛው በግዕዝ፣ አፋርኛው በላቲን። ስለዚህ ከአቋራጭ ቁልፎች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ቋንቋ መቀየሪያውን ነው፦ በዊንዶውስ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ በማክ ኮንትሮልና ስፔስ። ወደ ማክ የተሻገረ ሰው ለጊዜው ይደናበራል። ኮንትሮልን የለመደች ትንሽ ጣት ሥራዋን ለአውራ ጣት ታስረክባለች፤ በሌሎቹ አቋራጮች ኮንትሮልን የሚተካው ኮማንድ ያለው ከስፔስ አጠገብ ነዋ! ደግነቱ ፊደሎቹ አልተለወጡም፤ መቅጃው ሲ፣ መለጠፊያው ቪ ነው። ቆርጦ መለጠፍን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲያበጁ ለጸሐፊ ሁሉ ባለውለታ ሆነዋል። ለእኛማ ውለታው ይበልጣል፦ «ሉ»ን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ግድ ነው፤ አንድ አንቀጽ ደግሞ በአንድ አቋራጭ ይለጠፋል።