ስለ ጥቂት ፊልሞች የተሰማኝ ነገር

ሲኒማ መጀመሪያ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ይህን ስም ዛሬ የሚሰማ ኹሉ ይሥቃል። እኔ ግን አልሥቅም፤ ምክንያቱም የዚያን ጊዜ ሰው፥ ሥዕል ነፍስ እንዳለው ፍጡር ሲንቀሳቀስ ባየ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ «ይህ ነገር ከወዴት መጣ? ምንስ ያደርገናል?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ስሕተት ቢኾንም ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር። የዛሬው ተመልካች ግን ተንቀሳቃሹን ሥዕል ከጧት እስከ ማታ በእጁ ይዞ እየዋለ፥ ምን እንዳደረገው አንድ ቀን እንኳ ራሱን አይመረምርም። ስለዚህ እኔ ፊልም ወዳድ የኾንሁ ሰው፥ ካየኋቸው መካከል ጥቂቶቹን መርጬ ምን እንዳደረጉኝ ለመጻፍ አሰብሁ።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፥ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ በኾነችው በይጁቤ ነው። በልጅነቴ ፊልም ያየሁት በጭቃ በተመረገ ጠባብ ቤት ውስጥ፥ በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቀን ተቀምጠን ነበር። የባዕድ አገሩን ቋንቋ የሚሰማ ስላልነበረ፥ ከመካከላችን አንደበተ ርቱዕ የኾነው ልጅ የገዛ ራሱን ነገር እየፈጠረ ይተረጕምልን ነበር። ዳሩ ግን ዓይናችን ሥዕል ማንበብን የተማረው ከዚያ ቤት አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ላይ ተምሮ ነበር። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ኾኖ በኹለት ዓይን ይሣላሉ፤ ከሓድያንና አጋንንት ግን ፊታቸው ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። እኛም ይህን ልማድ ይዘን ወደ ቪዲዮው ቤት ስለ ገባን፥ ፊልም በተጀመረ ቍጥር «አንድ ዓይናው የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ ነበር። አንድ ዓይናው ከታወቀ ዘንድ የቀረው ነገር መገደሉን መጠበቅ ብቻ ነው። ብዙው ፊልም እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራው በዚህ ሥርዓት እንደ ኾነ ልብ አድርጉ።

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ ያፈረሰብኝ ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 ዓመተ ምሕረት በአውሮጳ አቈጣጠር ያወጣው «የከተማ መብራቶች» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ ንግግር ስለሌለው አስተርጓሚያችን ሥራ ፈትቶ ዋለ፤ እኛም በልጅነታችን አንድን ፊልም ያለ ሐሰት የተረዳነው ያን ቀን ብቻ ሳይኾን አይቀርም። አንድ ቤት የለሽ ድኻ፥ ባለጠጋ የመሰላትን አበባ ሻጭ ዕውር ልጃገረድ ለማሳከም ሲል ይደክማል፤ በዚሁም ምክንያት ይታሰራል። እርሷ ዓይኗ በራላት፤ እርሱ ግን ከእስር ቤት ወጥቶ ልብሱ ተቀዳዶ በፊቷ በቆመ ጊዜ ሣቀችበት፤ ዐዝናለትም ሳንቲም ዘረጋችለት። እጁን በዳሰሰች ጊዜ ግን ማን እንደ ኾነ ዐወቀች። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ማን ነው አንድ ዓይናው? የሣቀችው ልጅ ክፉ አይደለችም። ዓይኗ ቢበራም ገና ማየት አልተማረችም ነበር። ሥቀን የገባን ልጆች ተሸማቅቀን ወጣን።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ስለ አበበ ቢቂላ ነው። ኮን ኢቺካዋ የተባለው የጃፓን ሰው የቶክዮውን ኦሊምፒክ በፊልም ሲያነሣ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የተደረገውን የማራቶን ሩጫ የፊልሙ መደምደሚያ አድርጎታል። ድሉን በጩኸት አላሳየም፤ የሯጩን ፊት ብቻ ለረጅም ጊዜ አሳየ። ያ ፊት አይጨነቅም፥ አይኵራራም። የሌሎች ሯጮች እግር ሲደማና ጕልበታቸው ሲከዳቸው ካየን በኋላ ያን ጸጥታ ስናይ፥ ጀግንነት ማለት ምን እንደ ኾነ ያለ አንድ ቃል እንረዳለን። ዴቪ ፍራንክልና ራሴላስ ላቀው በ2001 ዓ.ም. ያወጡት «አትሌቱ» ደግሞ ከድሉ ይልቅ በ1961 ዓ.ም. ከደረሰበት የመኪና አደጋ በኋላ የኖረውን ኑሮ ይከተላል። እውነተኛው የሮማ ፊልም፥ ማለት በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዐዲስ ዓመት ዋዜማ በባዶ እግሩ በሌሊት ሲሮጥ የሚታይበት፥ በተውኔቱ መካከል ገብቶ ይገኛል። ስፌቱ አልፎ አልፎ ይታያል፤ አንዳንዱም ንግግር ከሚገባው በላይ ይረዝማል። ነገር ግን እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ዒላማ መምታት ሲለማመድ ማየት፥ ስለ ሩጫው የሰማሁትን ውዳሴ ኹሉ ትርጕሙን አጠለቀልኝ።

አሁን ስለ ኀይሌ ገሪማ ልናገር። አስቀድሜም ጥፋቴን እናዘዛለሁ። በ1938 ዓ.ም. ገደማ በጐንደር የተወለደው ይህ ሰው፥ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በለውጡ ዓመት በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሣ። ፊልሙ በጥቍርና በነጭ የተነሣ ኾኖ ኹለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ተሰላቸሁ። «በሬ ሲሄድ ለማየት ፊልም ምን ያደርግልኛል? እርሻውማ ከቤታችን ጓሮ አለ» ብዬ ለጓደኞቼ አፌዝሁ። ሳይጨርስም ተነሥቼ ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ፥ ከከተማ ትምህርት ለዕረፍት ወደ ይጁቤ በተመለስሁበት ክረምት፥ አጎቴ ታምሞ ስለ ነበር ለጥቂት ቀን እርፍ ጨበጥሁ። ጭቃው እግሬን ይዞ አልለቅ አለ፤ እርፉ ከእጄ እያመለጠ ትልሙ ጠመመ፤ ፀሓይቱም የቆመች መሰለኝ። በኋላ ፊልሙን እንደ ገና ባየሁት ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ፊልሙ የዘገየ አልነበረም፤ የገበሬው ቀን ያን ያህል ይረዝማል። ባለርስቱ በወንበሩ ተቀምጦ ሲያዝና ሲሳደብ፥ ገበሬው ግን ጎንበስ ብሎ ሲውል፥ አዘጋጁ ሰዓቱን ሳያሳጥር ያሳየናል። ከብት ስትጠብቅ ጎርፍ የሚወስዳት ልጅ ሞት ድንገት ሲመጣ ያን ያህል የሚያመን፥ አስቀድመን ከእርሷ ጋራ ብዙ ሰዓት ስለ ዋልን ነው። እውነቱን ኹሉ የሚናገረውም ሰው ሰዎች እብድ የሚሉት ከበበ መኾኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን ለጌታ ፊት ለፊት መናገር የሚቻለው ወይ ለአዝማሪ ወይ ለእብድ ነበርና።

የዚሁ ሰው ሥራ የኾነው «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ ከዳኞች ልዩ ሽልማት፥ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን አገር ተምሮ አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ስለሚመለሰው ስለ አንበርብር ይናገራል። ነቀፋ አለኝ፤ የጀርመኑ ክፍል እንደ ስብሰባ ንግግር ይኾናል፤ ሰዎቹም ከመኖር ይልቅ ይከራከራሉ። የመንደሩ ክፍል ግን ወደር የለውም። ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ተሸሽገው ሲኖሩ፥ የተማረው ልጅ ሌሊት በቅዠት ሲባንን፥ እናቱም ምን እንደ ኾነ ሳታውቅ ስታስታምመው እናያለን። በደርግ ዘመን አፈሳን ያየ የጐጃም ሰው ያን ዋሻ በስሙ ያውቀዋል። እናቲቱ «ተምረህ መጣህ፤ ታዲያ ምን ይዘህልን መጣህ?» ብላ በቃል አትጠይቅም። በዓይኗ ግን ኹልጊዜ ትጠይቃለች። እኛ የተማርን የምንባል ኹላችን በዚያች እናት ፊት ተቀምጠን ያን ፊልም ብናይ መልካም ነው።

ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀውና በ2007 ዓ.ም. በካን በዓል ዋና ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያ የኾነው የኤፍሬምና የበጉ ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። እናቱ የሞተችበት ልጅ ወደ ዘመዶች ቤት ይላካል፤ በጉን ለመስቀል በዓል ሊያርዱበት ያስባሉ፤ እርሱም ለማዳን ይጣጣራል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ ዘመዱም በዚህ ይቈጣዋል። በእኛም አገር ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ከተገኘ «ሴታ ሴት» ይባላል እንጂ «እናቱ ናፍቃው ይኾን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ስለ ጠየቀ አመሰግነዋለሁ። ተራራውና ሰማዩ ግን ለእንግዳ ዓይን የተዘጋጀ መስሎ እጅግ ውብ ኾኖብኛል፤ ችግር የሚኖርበት አገር ያን ያህል የታጠበ አይደለም።

መጨረሻ ያስቀመጥሁት ለመጻፍ የከበደኝን ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ በእውነት የኾነ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ሰዎች ትጠለፋለች፤ ጠመንጃም አግኝታ ስታመልጥ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊም ሕይወቷን ለማዳን ትሟገታለች። ቅኔ ለሚያውቅ የጐጃም ሰው ስሙ ራሱ ሰምና ወርቅ አለው። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ድፍረት መደፈርም ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር፤ ያ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. በጸናው ሕግ ነው። ፊልሙ የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ያሳየበት ክፍል በእኔ ፍርድ የሥራው አክሊል ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ዓይናዎች አይደሉም፤ ሰላም የሚወዱ፥ ደም እንዳይፈስ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሸንጎው ልጅቱ የለችም።

እኔም ነገሩን ከፊልሙ አላወቅሁትም። ዐሥር ዓመት ያህል ሲኾነኝ የጎረቤታችን ልጅ ተጠልፋ ነበር። ሽማግሌ ገባ፥ ዕርቅ ኾነ፥ ድግስ ተደገሰ። እኔም ከድግሱ በላሁ፤ ከልጆቹም ጋራ አጨብጭቤ ዘፈንሁ። በዚያ ቀን ፊቷን እንዳየሁ አላስታውስም። እርሷ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ልጇ ይህን ፊልም አምጥታ በቤቷ ስታሳያት እኔም እንግዳ ኾኜ ተገኘሁ። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። ከዚያ በኋላ «እትዬ፥ ፊልሙ እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃት እንዲህ አለች፤ «ደኅና ነው። ነገር ግን በዚህ መንገዱ ጭር ያለ ነው። እኔን ሲወስዱኝ ሰው ኹሉ ቆሞ ያይ ነበር።»

ብዙ ሰዎች ስለዚህ ፊልም ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ትችት ግን አልሰማሁም። አዘጋጁ ጥፋቱን በጠላፊዎቹ ላይ ብቻ እንዳይታይ አድርጎ በባዶ ሜዳ ላይ አስቀመጠው፤ እርሷ ግን ሜዳውን በእኛ ሞላችው። ቡናውን ጠጥቼ ስወጣ፥ ከልጅነቴ ጀምሮ በየፊልሙ ስፈልገው የኖርሁትን አንድ ዓይና ሰው አሰብሁ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ ኹሉ የማገኘው ሐሳብ ይህ ነው። ፊልም ክፉ ነው ወይስ ደግ ነው ብሎ መከራከር አይጠቅመንም፤ ከተመለከትነው በኋላ «በዚህ ታሪክ እኔ የት ቆሜ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ግን ይጠቅመናል። ቻፕሊን ከሣቁት ጋራ አቆመኝ፤ ኀይሌ ገሪማ ካፌዙት ጋራ፥ «ድፍረት» ደግሞ ቆመው ካዩት ጋራ። የቀደሙት አባቶቻችን ወደ ሲኒማው ቤት ሲገቡ «ምን ያደርገናል?» ብለው ፈርተው ነበር። እኔ ደግሞ ምንም ሳያደርገን እንዳይቀር እፈራለሁ።