መረብ ከመጣሉ በፊት

ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደቅ ደሴት ላይ ዓሣ ማጥመድ የሚጀምረው መረብ ከመምረጥ ነው። የቱን መረብ፣ የት፣ በየትኛው ወር? ይህ ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው መቅዘፍና መጎተት ነው፤ እሱን ጉልበት ያለው ሁሉ ይችለዋል።

መረብ ዓሣ አያሳድድም። አመሻሽ ላይ ዘርግተነው እንመለሳለን። ሌሊት የሚንቀሳቀሰው ዓሣ ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ሆዱ አላሳልፍ ይለዋል፣ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ሥር ይይዘዋል። ስለዚህ ማን እንደሚያዝና ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው የመረቡ ዓይን ስፋት ነው። ጠባቡ ገና ያልወለደውን ጭምር ያወጣል። ከነጠላ ፕላስቲክ ክር የሚሠራው ስስ መረብ ደግሞ ውኃ ውስጥ ስለማይታይ ብዙ ይይዛል፤ ቶሎም ይበጠሳል። ተበጥሶ ሐይቁ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ማንም ሳያወጣው ዓሣ መግደሉን አያቆምም።

ቦታን በተመለከተ፣ ቀረሶ የምንለው ዓሣ የሚራባው ዳር ዳር ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ደንገልና ሣር መሐል ነው። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ታንኳችንም የሚታሰረው ከዚሁ ደንገል ነው። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ መልስ አውጥተን እናደርቀዋለን፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ወራት ነው። ዳርቻው ለእርሻ ሲመነጠር ታንኳውም ቀረሶውም አብረው ይቸገራሉ።

ከባዱ የወሩ ጉዳይ ነው። ነጭ ዓሣ ከምንላቸው ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ከእነሱም በርካቶቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይወልዳሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ለአጥማጅ ከዚህ የቀለለ ሲሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገቡ ለታንኳ ሩቅ የነበረው፣ እነዚህ ወንዞች የሚገቡበት የምሥራቁ ዳርቻ ለባሕር ዳር ገበያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አጥኚዎች መዝግበዋል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ለብቻው አይበቃም። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ሲበዛና ዋጋው ሲወጣ እኔ በሰፊ ዓይን ያሳለፍኩት ትንሽ ዓሣ በማግሥቱ የጎረቤቴ ጠባብ መረብ ውስጥ ይገባል። እኔ ከሰርኩ፣ ዓሣውም አልተረፈ። የክረምቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከየመንደሩ ዳር የሚነሳው ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ ስለሚገናኝ፣ አንድ መንደር ብቻውን ቢታቀብ ለሌላው አስቀመጠለት ማለት ነው። የሚያዋጣው ሁሉም የሚያከብረው የጋራ ደንብ ነውና፣ ቋጠሮ ማሰርንና ነፋስ ማወቅን ለልጆቻችን እንዳስተማርን ሁሉ፣ ስብሰባ ተቀምጦ ስለ መረብ ዓይን መከራከርንም ማስተማር ይኖርብናል። አሰልቺ ነው፤ ግን እሱም የአጥማጅ ሥራ ነው።